ሁለት ራውተሮችን በማገናኘት የቤት ዋይፋይ ሽፋንን ማስፋት

የቤት ዋይፋይ ሽፋንን በሁለተኛ ራውተር ማስፋት ማለት ኢንተርኔት ወደ ቤት የሚያስገባውን ዋና ራውተር ከሌላ ራውተር ጋር በገመድ ወይም በሬዲዮ ሞገድ አያይዞ፣ የዋናው ሲግናል በደንብ በማይደርስበት ቦታ ሁለተኛ ማሰራጫ ማቆም ነው። ሁለተኛው ራውተር አዲስ ኢንተርኔት አያመጣም፤ በዋናው በኩል የገባውን ወደ ሩቁ ክፍል ያደርሳል እንጂ። ስለዚህ ተጨማሪ የኢንተርኔት ውል አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ መስመር ሲቀየር ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ የቀረ አሮጌ ራውተር ለዚህ ሥራ ይበቃል።

በኢትዮጵያ ከተሞች ችግሩ በተለይ የሚታየው ዋናው ቤት ከፊት፣ ሰርቪስ ቤቱ ከኋላ በሆነበት ግቢ ነው። መስመሩ የሚገባው ሳሎን ውስጥ ስለሆነ ራውተሩም እዚያው ይቀመጣል። ሰርቪስ ቤት ውስጥ የሚያጠና ተማሪ ስልኩ ላይ የዋይፋዩን ምልክት ያያል፤ ገጹ ግን አይከፈትለትም ወይም የቪዲዮ ትምህርቱ በየደቂቃው ይቆማል። በመጨረሻም ቤት ውስጥ የተከፈለበት ኢንተርኔት እያለ ለሞባይል ዳታ ሌላ ገንዘብ ያወጣል።

ሲግናል ለምን ይዳከማል

ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። በአብዛኛው የሚሠራው በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ አካባቢ ሲሆን አዳዲስ መሣሪያዎች 6 ጊጋኸርዝንም ይጠቀማሉ። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 12.5 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የ5 ጊጋኸርዝ ደግሞ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ዝቅተኛው ድግግሞሽ ግድግዳን በተሻለ ሁኔታ ያልፋል፤ ከፍተኛው ደግሞ ብዙ መረጃ በፍጥነት ይሸከማል፣ ነገር ግን ቶሎ ይዳከማል።

የሲግናል ጥንካሬ በዲቢኤም ይለካል። 0 ዲቢኤም ማለት 1 ሚሊዋት ነው። ቁጥሩ በ10 በቀነሰ ቁጥር ኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። 100 ሚሊዋት የሚያሰራጭ ራውተር 20 ዲቢኤም ያወጣል እንበል። በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ መሀል ላይ ምንም እንቅፋት ከሌለ፣ በ1 ሜትር ርቀት 40 ዲቢ ያህል ይጠፋል፤ ስለዚህ የሚደርሰው −20 ዲቢኤም ነው። በ10 ሜትር −40፣ በ20 ሜትር ደግሞ −46 ዲቢኤም ይሆናል። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የሚጠፋው 6 ዲቢ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከዚህ የምንረዳው ትልቁ ጠላት ርቀት ሳይሆን መሀል ላይ ያለው ነገር መሆኑን ነው። በዚያው በ20 ሜትር ላይ እያንዳንዳቸው 8 ዲቢ የሚወስዱ ሁለት የብሎኬት ግድግዳዎች ቢኖሩ ሲግናሉ −62 ይሆናል። ይህ ለቪዲዮ ጥሪ ይበቃል። በዚያ ላይ 20 ዲቢ የሚቀንስ የቆርቆሮ ግድግዳ ቢጨመር ግን −82 ይደርሳል፤ በዚህ ደረጃ ግንኙነቱ ይቆራረጣል። በጥቅሉ ከ−67 ዲቢኤም የተሻለ ሲግናል ለቪዲዮና ለድምፅ ጥሪ ጥሩ ነው፤ ከ−80 በታች ሲወርድ ተስፋ የለውም።

ብረት ሞገዱን ያንጸባርቃል፤ ስለዚህ የቆርቆሮ ግድግዳ፣ የብረት በር፣ የብረት ቁም ሳጥንና ፍሪጅ ከባድ እንቅፋቶች ናቸው። ፌሮ የበዛበት የአርማታ ወለልም እንዲሁ ነው፤ በፎቅ ቤት ከላይ ወደ ታች ሲግናል የሚደክመው በዚህ ምክንያት ነው። ውሃ ደግሞ ሞገዱን ይውጣል፤ በመሀል የቆመ የተሞላ የውሃ ታንከር እንደ ወፍራም ግድግዳ ሊቆጠር ይችላል።

ብዙ ሰው መፍትሔው ኃይለኛ ራውተር መግዛት ይመስለዋል። ነገር ግን ግንኙነቱ የሁለት ወገን ነው። ራውተሩ ጮኾ ቢናገር ስልኩ ይሰማዋል፤ ስልኩ ግን በትንሽ አንቴናና በትንሽ ባትሪ ስለሚመልስ ራውተሩ ላይሰማው ይችላል። የሲግናሉ ምልክት ሞልቶ እየታየ ገጹ የማይከፈተው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ነው። ሁለተኛ ማሰራጫ የሚረዳው ለሁለቱም ወገን ርቀቱንና ግድግዳውን ስለሚቀንስ ነው።

ከማገናኘት በፊት የሚሞከር

በመጀመሪያ የዋናውን ራውተር ቦታ መቀየር ይገባል። ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ከብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ወይም ከወለል አንስቶ ከፍ ባለ ክፍት ቦታ፣ ወደ ቤቱ መሀል ወይም ወደ ኋላው ግቢ በሚያይ መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ጥቂት የማይባል ለውጥ ያመጣል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ይህ ካልበቃ ሁለተኛው ራውተር ያስፈልጋል።

በአንድ ራውተር ውስጥ ያሉ ሥራዎች

ራውተር የምንለው ሣጥን በውስጡ ብዙ ሥራዎችን ይዟል። የመጀመሪያው ከስልክ መስመር ወይም ከፋይበር የሚመጣውን ሲግናል የሚተረጉመው የሞደም ሥራ ነው። ሁለተኛው በቤቱና በኢንተርኔቱ መካከል በር ሆኖ፣ የቤቱን መሣሪያዎች ሁሉ በአንድ የውጭ አድራሻ ማስተናገድ ነው። ሦስተኛው ለእያንዳንዱ ስልክና ኮምፒውተር የአይፒ አድራሻ ማደል ነው፤ ይህን የሚያደርገው ዲኤችሲፒ የተባለው አገልግሎት ነው። አራተኛው በላን ቀዳዳዎች የተሰኩትን ገመዶች እርስ በርስ ማገናኘት ነው። አምስተኛው ዋይፋይ ማሰራጨት ነው።

አንድ ቤት አንድ በርና አንድ አድራሻ አዳይ ብቻ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከሁለተኛው ራውተር የሚፈለጉት የመጨረሻዎቹ ሁለት ሥራዎች ብቻ ናቸው። ሁለት ራውተሮችን የማገናኘት ምስጢር ሁሉ ሁለተኛው የማይፈለጉትን ሥራዎች እንዲተው ማድረግ ነው። ይህ ሳይደረግ ቢሰካ ሁለቱም አድራሻ ማደል ይጀምራሉ፤ አንዳንዱ ስልክ ትክክለኛ፣ አንዳንዱ የተሳሳተ መረጃ ይዞ ይቀራል። ሰርቪስ ቤቱን ለመርዳት የተሰካው ራውተር የዋናውን ቤት ኢንተርኔት ጭምር ያበላሻል።

ከመዳብ የስልክ መስመር ወደ ፋይበር በተዛወረ ቤት የቀረው አሮጌ የኤዲኤስኤል ራውተር ለዚህ ይሆናል። የስልክ መስመር የሚገባበት ቀዳዳው ከእንግዲህ አይሠራም፤ የላን ቀዳዳዎቹና ዋይፋዩ ግን ደህና ናቸው።

የማገናኛ መንገዶች

ከላን ወደ ላን በገመድ፦ ከሁሉ አስተማማኙ ነው። የዋናው ራውተር የላን ቀዳዳ ከሁለተኛው የላን ቀዳዳ ጋር በኢተርኔት ገመድ ይገናኛል። ፍጥነት አይቀንስም፤ መሣሪያዎች ሁሉ በአንድ መረብ ውስጥ ሆነው ይተያያሉ።

በሬዲዮ መደጋገም፦ ሁለተኛው ራውተር የዋናውን ዋይፋይ ተቀብሎ መልሶ ያሰራጫል። ይህ ሪፒተር ይባላል። ገመድ መዘርጋት በማይቻልበት ቤት ይመረጣል፤ ሁሉም ራውተር ግን ይህን አይችልም።

ከላን ወደ ዋን በገመድ፦ የዋናው የላን ቀዳዳ ከሁለተኛው የዋን ቀዳዳ ጋር ሲገናኝ ሁለተኛው በራሱ በር ሆኖ የራሱን መረብ ይፈጥራል። በአንዱ ራውተር ሥር ያለ ስልክ በሌላው ሥር ያለውን ፕሪንተር ላያገኝ ይችላል። በዚህ አሠራር የሁለቱ መረቦች አድራሻ መለያየት አለበት፤ ለምሳሌ አንዱ በ192.168.1 የሚጀምር ከሆነ ሌላው በ192.168.2 ይጀምራል።

በኤሌክትሪክ ሽቦ፦ ሶኬት ላይ የሚሰኩ ጥንድ መሣሪያዎች መረጃውን በቤቱ የመብራት ሽቦ ውስጥ ያሳልፋሉ። ጥራቱ በሽቦው ዕድሜና ሁለቱ ሶኬቶች በአንድ ቆጣሪ ሥር በመሆናቸው ላይ ይወሰናል።

በሜሽ፦ አንድ ላይ እንዲሠሩ ተደርገው የተሠሩ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ማሰራጫዎች ራሳቸው ይቀናጃሉ። ለአጠቃቀም ይቀላል፤ ነገር ግን በአብዛኛው ተመሳሳይ ምርት መግዛት ይጠይቃል።

በገመድ የማገናኘት ቅደም ተከተል

ከዚህ በታች ያለው የዋናው ራውተር አድራሻ 192.168.1.1 እንደሆነ በማሰብ የቀረበ ምሳሌ ነው። ትክክለኛው አድራሻ ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል።

1. ዋናው ራውተር የሚያድለውን የአድራሻ ክልል ማወቅ። ወደ ዋናው ራውተር ገጽ ገብቶ የዲኤችሲፒን ክፍል ማየት ነው። ከ192.168.1.100 እስከ 192.168.1.200 ያድላል እንበል።

2. ሁለተኛውን ራውተር ከዋናው ሳያገናኙ ለብቻው ማብራት። የቀድሞውን የይለፍ ቃል የሚያስታውስ ከሌለ፣ ከኋላው ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ ቀጭን ነገር አስገብቶ 10 ሰከንድ ያህል በመጫን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መመለስ ይቻላል።

3. ኮምፒውተርን በገመድ ከሁለተኛው ራውተር የላን ቀዳዳ ጋር አያይዞ በብራውዘር አድራሻውን መክፈትና መግባት።

4. የሁለተኛውን ራውተር የላን አድራሻ ወደ 192.168.1.2 መቀየር። ሰብኔት ማስኩ 255.255.255.0 ይሆናል። አድራሻው ዋናው ከሚያድለው ክልል ውጭ መሆን አለበት፤ ካልሆነ አንድ ቀን ያው አድራሻ ለአንድ ስልክ ይሰጥና ሁለቱ ይጋጫሉ። ለውጡ ሲቀመጥ ገጹ ይቋረጣል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። በአዲሱ አድራሻ እንደገና መግባት ነው።

5. የዋይፋዩን ስም፣ የይለፍ ቃልና ቻናል ማስተካከል። ዝርዝሩ ከታች ይገኛል።

6. የሁለተኛውን የዲኤችሲፒ አገልግሎት ማጥፋት። ይህ በመጨረሻ የሚደረገው፣ አገልግሎቱ ከጠፋ በኋላ ኮምፒውተሩ ከዚህ ራውተር አድራሻ ስለማያገኝ ነው።

7. ገመዱን ከዋናው ራውተር የላን ቀዳዳ ወደ ሁለተኛው የላን ቀዳዳ መሰካት። የሁለተኛው የዋን ቀዳዳ ባዶ ይቀራል።

8. መፈተን። በሁለተኛው ዋይፋይ የተገናኘ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ከ192.168.1.100 እስከ 192.168.1.200 ባለው ክልል አድራሻ ካገኘና መውጫ በሩ 192.168.1.1 ከሆነ ሥራው ተሳክቷል። በኮምፒውተር የትእዛዝ መስኮት ላይ የፒንግ ትእዛዝ ወደ 192.168.1.1 እና ወደ 192.168.1.2 በመላክ ሁለቱም መመለሳቸውን ማየት ይቻላል።

አንዳንድ ራውተሮች የአክሰስ ፖይንት ሁኔታ የሚባል ምርጫ አላቸው። እርሱን መምረጥ ከላይ ያሉትን አብዛኞቹን ለውጦች በአንድ ጊዜ ይፈጽማል።

በሁለቱ ራውተሮች መካከል የሚያልፈው ገመድ አንድ ብቻ መሆን አለበት። ለማጠንከር ብሎ ሁለተኛ ገመድ መጨመር ክብ መንገድ ይፈጥራል። ለሁሉም የተላከ መልእክት በክቡ ውስጥ መዞሩን ስለማያቆም መረቡ በሰከንዶች ውስጥ ሊዘጋ ይችላል።

ያለ ገመድ ማገናኘትና ዋጋው

በሪፒተር አሠራር ትልቁ ስሕተት የቦታ ምርጫ ነው። ሰዎች ሁለተኛውን ራውተር ሲግናል በጠፋበት ክፍል ያስቀምጡታል። ነገር ግን እርሱ ራሱ ካልሰማ የሚያስተላልፈው የለውም። ቦታው የዋናው ሲግናል ገና ጠንካራ በሆነበት፣ በግማሽ መንገድ አካባቢ ነው። በገመድ የተገናኘ ከሆነ ግን በተቃራኒው ሽፋን በጠፋበት ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ፍጥነት ነው። አንድ ሬዲዮ በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ መቀበልና መላክ አይችልም። እያንዳንዱ መልእክት አንድ ጊዜ ከዋናው ወደ ሪፒተሩ፣ ሌላ ጊዜ ከሪፒተሩ ወደ ስልኩ ስለሚጓዝ የአየሩ ጊዜ እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱም ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሁለት ሬዲዮ ያለው መሣሪያ ከዋናው ጋር በ5፣ ከስልኮች ጋር በ2.4 ጊጋኸርዝ ቢነጋገር ይህ ጉዳት ይቀንሳል።

ይሁን እንጂ ግማሽ መሆኑ ሁልጊዜ አያስጨንቅም። የዋይፋዩ ፍጥነት 60 ሜጋቢት በሰከንድ ቢሆንና በሪፒተር ወደ 30 ቢወርድ፣ የቤቱ የኢንተርኔት ውል ደግሞ 10 ሜጋቢት ከሆነ፣ ተጠቃሚው ልዩነቱን አያየውም። በተቃራኒው ውሉ 100 ሜጋቢት የሆነ ቤት ገመድ ቢዘረጋ ይሻለዋል።

ስም፣ የይለፍ ቃልና ቻናል

ለሁለቱም ራውተሮች አንድ ስምና አንድ የይለፍ ቃል ከተሰጣቸው ስልኮች ግቢው ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ራሳቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። መቼ እንደሚሻገር የሚወስነው ስልኩ እንጂ ራውተሩ አይደለም። አንዳንድ ስልክ የሳሎኑን ደካማ ሲግናል ይዞ ሙጭጭ ሊል ይችላል፤ ዋይፋዩን አጥፍቶ ማብራት ይፈታዋል። ችግሩ ከበዛ የተለያየ ስም ሰጥቶ በእጅ መምረጥም ይቻላል።

በገመድ ለተገናኙ ራውተሮች ቻናሉ መለያየት አለበት። በ2.4 ጊጋኸርዝ የቻናሎቹ ርቀት 5 ሜጋኸርዝ ሲሆን አንድ ዋይፋይ ቢያንስ 20 ሜጋኸርዝ ያህል ይይዛል። ስለዚህ ጎረቤት ቻናሎች ይደራረባሉ፤ የማይደራረቡት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ዋናው በ1 ከሆነ ሁለተኛው በ6 ወይም በ11 ይሆናል። በኮንዶሚኒየም የጎረቤቶች ዋይፋይም ስለሚበዛ፣ በአካባቢው ብዙ ያልተያዘውን መምረጥ ይገባል። በአንድ ሬዲዮ በሚሠራ ሪፒተር ግን ሁለቱ የሚነጋገሩት በአንድ ቻናል ላይ ስለሆነ ይህ ምርጫ የለም።

ደህንነት

አንድ መረብ ጥንካሬው በደካማው በሩ ልክ ነው። ዋናው ራውተር ጥሩ የይለፍ ቃል ቢኖረውም አሮጌው ክፍት ከተተወ ለመንገደኛ ሁሉ በር ከፍቷል። ደብሊውኢፒ የተባለው አሮጌ መቆለፊያ ድክመቱ በ2001 ስለተጋለጠ ፈጽሞ መጠቀም አይገባም። ደብሊውፒኤ2 ወይም በ2018 የወጣው ደብሊውፒኤ3 ይመረጣል። አሮጌው ራውተር ደብሊውኢፒን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ዋይፋዩን ማብራት አይገባም። ወደ ራውተሩ ገጽ የሚያስገባው የፋብሪካ የይለፍ ቃልም መቀየር አለበት።

ሰርቪስ ቤቱ የተከራየ ከሆነ አንድ ልብ የማይባል ነገር አለ። ብዙ አከራዮች ለተከራይ ሁለተኛ ራውተር በዋን ቀዳዳው ካገናኙ የራሳቸው መረብ የተጠበቀ ይመስላቸዋል። እውነታው ግን የተገላቢጦሽ ነው፦ በሁለተኛው ራውተር ሥር ያለ ሰው ወደ ዋናው መረብ መድረስ ይችላል፤ ከዋናው ወደ ሁለተኛው መግባት ነው የሚከለከለው። መለያየት የሚፈልግ የዋናውን ራውተር የእንግዳ ዋይፋይ መጠቀም ይሻለዋል።

ገመድ፣ መብረቅና መብራት

የኢተርኔት ገመድ በአንድ ዝርጋታ እስከ 100 ሜትር ይሠራል፤ ለተራ ግቢ ከበቂ በላይ ነው። ካት 5ኢ የተባለው ገመድ 1000 ሜጋቢት በሰከንድ ያሳልፋል። ብዙ አሮጌ ራውተሮች ግን ቀዳዳቸው በ100 ሜጋቢት የተወሰነ ነው።

ከቤት ወደ ቤት በአየር ላይ የተዘረጋ የመዳብ ገመድ በክረምት አደጋ አለው። መብረቅ በቀጥታ ባይመታውም በአካባቢው ሲወድቅ በገመዱ ውስጥ ድንገተኛ ኃይል ይፈጥራል፤ ሁለቱንም ራውተሮች፣ አልፎም የተያያዘውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። ለውጭ የተሠራ ገመድ መጠቀም፣ በቱቦ ውስጥ በመሬት ሥር ማሳለፍ፣ ነጎድጓድ ከመቅረቡ በፊት ገመዱንና ሶኬቱን መንቀል አደጋውን ይቀንሳል። የኢተርኔት ገመድ ከመብራት ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ አይገባም።

የአሮጌው ራውተር ቻርጀር ከጠፋ በሌላ ሲተካ ቮልቴጁ በራውተሩ ላይ ከተጻፈው ጋር እኩል መሆን አለበት። አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ፣ የፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አቅጣጫውም ተመሳሳይ ይሁን። ለ9 ቮልት ራውተር የ12 ቮልት ቻርጀር መሰካት ሊያቃጥለው ይችላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሰርቪስ ቤቱ ኢንተርኔት እንዲኖረው ሁለቱም ራውተሮች የመጠባበቂያ ባትሪ ያስፈልጋቸዋል፤ የአንዱ ብቻ መብራት አይበቃም።

የተለመዱ ችግሮች

ስልኩ ይገናኛል፣ ኢንተርኔት ግን የለም፦ የስልኩ ወይም የኮምፒውተሩ አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ አድራሻ የሚያድለው አልደረሰውም ማለት ነው። ገመዱ መሰካቱን፣ በላን ቀዳዳ መሆኑንም ማየት ነው።

አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል፦ የሁለተኛው ዲኤችሲፒ አልጠፋ ይሆናል፤ ወይም ሁለቱም ራውተሮች 192.168.1.1 ሆነው ይጋጫሉ።

የሁለተኛው ራውተር ገጽ አይከፈትም፦ አድራሻው መቀየሩ ተረስቶ በድሮው እየተሞከረ ይሆናል። ስለዚህ አዲሱን አድራሻ በወረቀት ጽፎ ራውተሩ ሥር መለጠፍ ይጠቅማል።

ሁሉም ቦታ ሲግናል ሙሉ ነው፣ ገጹ ግን ቀርፋፋ ነው፦ ከዋናው ራውተር ጋር ኮምፒውተርን በገመድ አያይዞ ፍጥነቱን መለካት ይገባል። እዚያም ቀርፋፋ ከሆነ ችግሩ ከመስመሩ ነው፤ ሁለተኛ ራውተር ሽፋንን እንጂ የመስመርን ፍጥነት አይጨምርም።

ታሪክ

መረጃን በሬዲዮ በኮምፒውተሮች መካከል የማስተላለፍ ሥራ በ1971 በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ በተጀመረው የአሎሃ መረብ ይታወቃል። ያ መረብ በተለያዩ ደሴቶች ያሉ ተጠቃሚዎችን ከማዕከላዊ ኮምፒውተር ጋር ያገናኝ ነበር። በ1985 የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን የ2.4 ጊጋኸርዝን አካባቢ ጨምሮ አንዳንድ ሞገዶች ያለ ፈቃድ እንዲሠራባቸው ፈቀደ። የመጀመሪያው የዋይፋይ መመዘኛ 802.11 በ1997 ወጣ፤ ፍጥነቱ እስከ 2 ሜጋቢት በሰከንድ ብቻ ነበር። በ1999 እስከ 11 ሜጋቢት የሚደርሰው 802.11ቢ ተከተለ፤ ዋይፋይ የሚለው ስምም በዚያው ዘመን ተሰጠ። ማሰራጫዎች እርስ በርስ እየተቀባበሉ የሚሠሩበት የሜሽ መመዘኛ 802.11ኤስ በ2011 ጸደቀ።